ዘጠና አራት ይላል

ወንድሟ የሞተው ቀትር ላይ፣ ሰው በሞላበት የጤና ጣቢያ ኮሪደር ውስጥ ነው። ጣቱ ላይ የተሰካው መሳሪያ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ደህና ነው ይል ነበር።

እሷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከመናኸሪያው እስከ ሆስፒታሉ አደባባይ ያለውን መስመር ነድታለች። ሰካራም ተሳፋሪ፣ ቁልቁለት ላይ እምቢ ያለ ፍሬን፣ መንገድ የቆረጠ ጎርፍ፣ ያላየችው ነገር የለም። የሥራ ጓደኞቿ «ብረቷ» ይሏታል፤ ስሙም ተከትሏት ቤት ገብቶ እናቷ ሳይቀሩ በዚያው ይጠሯት ጀመር። እንዲህ ያለችው ሴት ፈሪ የሆነችው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ቤቱ ውስጥ አራት ነበሩ፤ እናት፣ ታላቅ ወንድም፣ ብረቷና ታናሿ። ወንድምየው ቀለም ቀቢ ነበር፤ ከጥፍሩ ሥር የትናንት ግድግዳ ቀለም አይጠፋም። እሱና ብረቷ መልካቸውን ከሟች አባታቸው ወሰዱ፤ ጥቁር፣ ያውም ጥቁር የሚባለው ዓይነት ጥቁር። ታናሺቱ ግን ቁርጥ እናቷን፣ ቀይ ናት፤ ስለዚህ «ቀዮ» ተብላ ቀረች። ወንድማቸው በዚህ መቀለድ ይወድ ነበር። «መብራት በጠፋ ቁጥር እኔና ብረቷ አብረን እንጠፋለን» ይላል። «ደግነቱ ቀዮ አለች፤ እሷን እንደ ሻማ ይዘን እንፈላለጋለን።»

በዚያ ክረምት ሳል በዛ። መጀመሪያ ወንድምየው ከሥራ እያሳለ መጣ፤ በሦስተኛው ቀን ቀዮም ተከተለችው። ሳምንት ሳይሞላ ሁለቱም ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት ለመሄድ ግድግዳ መያዝ ጀመሩ። ብረቷ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ሁለቱን በታክሲ ጭና ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው።

በር ላይ የተቀበለቻቸው ነርስ ቀጠን ያለች፣ ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት የቀላ ወጣት ነበረች። ልብስ ሲሰጣ የሚያዝበትን መቆንጠጫ የምትመስል ትንሽ መሳሪያ ከኪሷ አውጥታ ቀዮ ጣት ላይ ሰካች። ቁጥር በራ፤ ሰማንያ ሰባት።

«ቶሎ ወደ ውስጥ!» አለች ነርሷ። «ኦክስጅን ያስፈልጋታል።»

ቀዮን ደግፈው ሲያስገቧት፣ ነርሷ ሌላ መሳሪያ አውጥታ ወንድምየው ጣት ላይ ሰካች። ጥቂት ጠበቀች። ዘጠና አራት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ደህና ነዎት። ያለን ኦክስጅን ትንሽ ስለሆነ ከዘጠና በታች ለወረዱት ነው የምንሰጠው። አግዳሚው ላይ ይቀመጡ፣ ሐኪሙ ይጠራዎታል።» ወደ ብረቷ ዞረች። «እትዬ፣ ይቺ ጣታቸው ላይ ትቆይ። ከዘጠና በታች ከወረደች ሮጠው ይጥሩኝ።»

ብረቷ በቀዮ ደነገጠች፣ በወንድሟ ተጽናናች። አንዱ እንኳ ደህና ነው አለች በልቧ። አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዳሽቦርድ እንደምታይ ዓይኗን ከቁጥሩ ላይ ሳትነቅል ትጠብቅ ጀመር።

«አየር አጠረኝ» አላት ትንሽ ቆይቶ።

«ዘጠና አራት ይላል ጋሼ።»

«ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል።»

«ፍርሃት ነው። በአፍንጫህ ቀስ ብለህ ሳብ። አይዞህ።»

ሳበ። ትከሻው ከጆሮው ጋር እስኪገናኝ ድረስ ሳበ። ከዚያ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ «ብረቷ፣ እኔን ነው የምታምኚው ወይስ ይቺን?» አላት።

«ማሽን ምን ብላ ትዋሻለች ጋሼ?»

እሱ ከዚያ በኋላ አልጠየቃትም። ከንፈሩ አመድ የነካው መሰለ። ቁጥሩ ዘጠና ሦስት አለ፣ ዘጠና ሁለት አለ። ብረቷ ተነሥታ ነርሷን በር ላይ አገኘቻትና ነገረቻት። ነርሷ አንገቷን አስግጋ ከሩቅ አየችው። «ከዘጠና በላይ ነው አይደል? ውስጥ ወደ ሰባ የወረዱ አሉ፣ እትዬ፤ እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ» ብላ ተመለሰች። ብረቷ ስትቀመጥ ወንድሟ ራሱን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ደክሞት ተኛ ብላ እንዳይነቃ ሳትንቀሳቀስ ቆየች። አንድ ሴት ልጇን ታቅፋ በፊታቸው አለፈች፤ የጽዳት ሠራተኛው ወለሉን እየወለወለ እግራቸው ሥር ደረሰና እግራችሁን አንሡ አላቸው። ብረቷ አነሣች። የወንድሟ እግር አልተነሣም። ያኔ ወደ ጣቱ ብታይ ቁጥሩ ጠፍቶ ሁለት ሰረዝ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ቀዮ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ከስታ ወጣች፤ ተረፈች። ብረቷ ለእናቷም ለእህቷም «በድንገት ነው» ከማለት ሌላ አልነገረቻቸውም። አግዳሚው ላይ የተባባሉትን ለማን ታወራዋለች? ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲጥል እንኳ የአውቶቡሱን መስኮት አትዘጋም፤ ተሳፋሪ ቢያጉረመርም አትሰማም። አንገቷን በሻርፕ መጠቅለል ተወች። ደረጃ ወጥታ ትንፋሿ ሲቆራረጥ እዚያው ትቀመጣለች። ቀይ መብራት ላይ ቆማ ሳለች እንኳ ትንፋሿን ስትቆጥር ራሷን ታገኛለች። ወንድሜን የገደለው የእኔ አፍ ነው ብላ ነበር የምታምነው።

ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ያቺ ነርስ ሆስፒታሉ አደባባይ ላይ አውቶቡሱ ውስጥ ገባች። መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ብረቷ ማርሹን ለማስገባት ሁለት ጊዜ ሳተች። ነርሷ መውረጃዋ አልፎም አልወረደችም፤ መናኸሪያው ድረስ ሄዳ ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ የሹፌሩ መቀመጫ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«እትዬ፣ ያወቁኝ መሰለኝ።»

«አውቄሻለሁ፣ ሲስተር።»

«ያን ቀን ቁጥሩን ያነበብኩት በትክክል ነው» አለች ነርሷ። ይህን ንግግር ስንት ቀን ለብቻዋ እንደተለማመደችው ያስታውቅባታል። «እርስዎም በትክክል ነው ያነበቡት። ስህተቱ ቁጥሩ ውስጥ ነበር።»

ብረቷ ሞተሩን አጠፋች።

ነርሷ ቆማ አስረዳቻት። መሳሪያዋ በጣት ውስጥ ብርሃን አሳልፋ ነው ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምትገምተው። የቆዳ ጥቁረት ደግሞ ከዚያ ብርሃን ላይ ይወስዳል። አንዳንዶቹ መሳሪያዎች ሲሠሩ የተሞከሩት በአብዛኛው ቀላ ባሉ ሰዎች ላይ ስለሆነ፣ የጠቆረ ሰው ጣት ላይ ሲሰኩ ከእውነተኛው ከፍ አድርገው ያነባሉ። ሰውየው እየታፈነ መሳሪያዋ ደህና ነው ትላለች።

«ይህን መቼ አወቅሽ?»

«ከዚያ ቀን በኋላ። እንቅልፍ ሲያጣኝ ማንበብ ጀመርኩ። አሁን ጤና ጣቢያውን ለቅቄ ሆስፒታሉ ጥናት ክፍል ነው የምሠራው። እዚህ አገር የሚሠራባቸውን አምስት ዓይነት መሳሪያዎች ልንፈትሽ ነው፤ ስንት ላይ እንደሚዋሹ፣ በማን ላይ እንደሚዋሹ በቁጥር ልናሳይ። ግን ሰው አጣን። ከተመዘገቡት ሃያ አንድ ጤነኛ ሰዎች ውስጥ እንደ እርስዎ የጠቆሩት ሁለት ብቻ ናቸው። በሁለት ሰው ተመርኩዘን ብንናገር ማንም አይሰማንም። ያው የድሮው ስህተት ተመልሶ ይደገማል።»

«ሰው ለምን እምቢ አለ?»

«የሚተነፍሱት አየር ይቀነሳል። ቀስ እየተባለ፣ ሐኪም አጠገብ ቆሞ። ኦክስጅኑ ሲወርድ ደም እየተወሰደ ከመሳሪያዎቹ ጋር ይነጻጸራል።»

ብረቷ በሩን የሚከፍተውን ቁልፍ ተጫነች። «ውረጂልኝ» አለቻት። «እባክሽ፣ ሲስተር፣ ከመኪናዬ ውረጂልኝ።»

ነርሷ ስልክ ቁጥሯን የጻፈችበትን ወረቀት ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጣ ወረደች።

ብረቷ ወረቀቱን ለመጣል ሦስት ቀን ሞከረች። አልጣለችውም። «ስህተቱ ቁጥሩ ውስጥ ነበር» የሚለው ቃል እንደ ጥርስ ሕመም አላስቀምጥ አላት። ጥፋቱ የእሷ ካልሆነ እፎይ ማለት ነበረባት፤ እሷ ግን የባሰ ፈራች። ያቺ መሳሪያ ዛሬም በየጤና ጣቢያው፣ በየሰዉ ጣት ላይ አለች። ነገ እሷ ራሷ ብትታመም ማን ያምናታል?

በአራተኛው ቀን ከራት በኋላ ለእናቷና ለቀዮ ሁሉንም ተናገረች፤ አግዳሚውን፣ ቁጥሩን፣ ለወንድሟ የመለሰችለትን መልስ፣ ነርሷ ያስረዳቻትን። ስትጨርስ ቀዮ ፊቷ ልብስ መስሎ ነበር።

«የእኔ ስንት ነበር?» አለች ቀዮ።

«ሰማንያ ሰባት።»

«እና የጋሼ ትክክለኛው?»

«ማን ያውቃል? ምናልባት ከአንቺ የባሰ።»

«እንግዲያው እኔን ያተረፈኝ መልኬ ነዋ» አለች ቀዮ። ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

ብረቷ ስለ ጥናቱ ስታነሣ እናትየው ቀና አሉ። «ምን አልሽ? አንዱ አየር አጥቶ ሞቶብኛል፤ አንቺ ደግሞ በገዛ እግርሽ ሄደሽ አየር ልታጪ? መሳሪያውን ሲሠሩ የት ነበሩ? ያኔ ሰው አልመሰልናቸውም፤ ዛሬ ሲቸግራቸው የሙከራ አይጥ ሊያደርጉሽ አማራቸው?»

«እማዬ፣ ያኔ ስላልጠየቁን እኮ ነው...»

«አትሄጂም!»

«እኔም እሄዳለሁ» አለች ቀዮ ሳትዞር።

እናትየው ሁለቱንም ተራ በተራ አዩዋቸው፤ ከዚያ ወደ መኝታቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

የጥናቱ ሐኪም ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። ቀዮን ከመረመረች በኋላ ሳንባዋ ላይ የቀረው ጠባሳ እንደማይፈቅድ ነገረቻት። ቀዮ አኮረፈች፤ ቢሆንም አልሄደችም፤ እህቷ አጠገብ ተቀመጠች። ሐኪሟ የስምምነት ቅጹን ገጽ በገጽ አነበበችላቸው። ከቀላል እስከ ድፍን ጥቁር የተደረደሩ ቀለሞች ያሉበት ካርድ አውጥታም የብረቷ ግንባርና ጣት ላይ እያስጠጋች አመሳከረች። ከመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንዱ ሆነ።

«ልሞት እችላለሁ?» አለች ብረቷ።

«በእንዲህ ያለ ጥናት ላይ የሞተ ሰው አይቼ አላውቅም» አለች ሐኪሟ። «አደጋ የለውም ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ልብዎ በኃይል ይመታል። ያዞርዎታል፣ ራስ ያምማል። እጅዎ ላይ ከልብ በሚመጣው የደም ሥር ውስጥ ቀጭን ቱቦ እናስገባለን፤ ሊደማ ይችላል፣ ሊጠቁር ይችላል። በማንኛውም ሰከንድ እጅዎን ካነሡ እናቆማለን። ለምን አቆሙ ብሎ የሚጠይቅዎት የለም።»

«አየሩን ስትቀንሱት... ሰውየው የሚታፈነው እንዴት ነው? ያው ሲሞት እንደሚሆነው ነው?»

ሐኪሟ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ወደዚያ አቅጣጫ ነው የምንሄደው» አለች። «ሩቅ ሳንደርስ እንመለሳለን።»

ብረቷ ፈረመች። ፊርማዋ የሌላ ሰው ፊርማ መሰለ።

የመጀመሪያው ቀን አልሆነም። ክፍሉ ጠባብ፣ ንጹሕ፣ ብርድ ብርድ የሚል ነበር። ግማሽ ጋደም በሚያደርግ ወንበር ላይ አስተኟት። ቱቦው የገባው እጇ ከተደነዘዘ በኋላ ስለሆነ ብዙ አላመማትም። ጣቶቿ ላይ ለመሰካት የተዘጋጁትን አምስት መቆንጠጫዎች ስታይ ግን ብብቷ በላብ ራሰ። ከመካከላቸው አንዷ የወንድሟ ጣት ላይ እንደነበረችው ነበረች፤ ቅርጿም፣ ቀለሟም፣ ጠርዟ ላይ ያለችው ሰማያዊ መስመርም። ስትሰካላት የነርሷ እጅ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር፤ እሷም ፈርታለች።

ማስኩን አጠለቁላት። ሐኪሟ ራስጌዋ፣ ቀዮ ግርጌዋ ቆሙ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ አየሩ የሳሳ መሰላት፤ እንደ ልማዷ ትስባለች፣ የሚገባው ግን አይበቃትም። ልቧ ጆሮዋ ውስጥ መምታት ጀመረ። እየተስገበገበች ሳበች።

«ሦስተኛው፣ ዘጠና አራት» ብሎ አነበበ የላብራቶሪ ባለሙያው፣ የመሳሪያዎቹን ቁጥር በየተራ ሲጠራ።

ብረቷ ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አታስታውስም። እጇን ማንሣቱን ረስታ ማስኩን በጥሳ አውልቃለች፤ ወንበሩ ላይ ተነሥታ ቁጭ ብላ «ውሸት ነው! ውሸት ነው!» እያለች ጮኻለች። ቱቦው ተነቅሎ ነጩ አንሶላ ላይ ደም ተረጨ። ሐኪሟ አንጓዋን በሁለት አውራ ጣት ተጭና፣ ደሙ እስኪቆም ለብዙ ደቂቃ ፊቷን ሳታጨማድድ ቆመች።

«አበላሸሁባችሁ» አለች ብረቷ ሲያልፍላት።

«ማቆም ይችላሉ ስንል ለጌጥ አልነበረም» አለቻት ሐኪሟ። «ከዛሬ ወዲያ ባይመጡም አንቀየምዎትም። እጅዎን ግን ነገ አሳዩኝ።»

ቤት ስትገባ እናቷ የታሸገውን አንጓዋን አይተው ፊታቸውን አዞሩ። አላናገሯትም። ሳምንት ሙሉ አላናገሯትም።

ለምን እንደተመለሰች ብትጠየቅ ብረቷ አንድ መልስ የላትም። አንድ ጠዋት አውቶቡሷ ላይ አንድ ጥቁር ሽማግሌ እያሳለ ወጣ፤ ሆስፒታሉ አደባባይ ላይ ሲወርድ የደረጃውን ብረት ይዞ ሁለት ጊዜ ዐረፈ። በር ላይ ጣቱን ይይዙታል አለች በልቧ። ዘጠና አራት ብለው አግዳሚ ላይ ያስቀምጡታል። አውቶቡሱን ማስነሣት አቃታት፤ ከኋላዋ ጥሩንባ እስኪበዛ ድረስ። ከሥራ ስትወጣ ለነርሷ ደወለች።

«ፍርሃቱ አልለቀቀኝም» አለቻት። «ይለቀኛል ብዬ ብጠብቅ ግን አልመጣም። ቁጥሩን ብቻ ጮክ ብላችሁ አታንብቡብኝ።»

በሁለተኛው ጊዜ ቱቦውን ግራ እጇ ላይ አደረጉላት። የላብራቶሪ ባለሙያው ቁጥሩን በወረቀት ብቻ ይመዘግብ ጀመር። ቀዮ ካልሲዋን አውልቃላት እግሯን በሁለት እጇ ያዘች። «እታለም፣ ሲበዛብሽ ረግጠሽ ንገሪኝ» አለቻት።

አየሩ ሳሳ። ብረቷ ጣሪያው ላይ ያለውን መብራት አየች። ደም ተወሰደ፤ የስሪንጁን ቀጭን ድምፅ ሰማች። እንደገና ሳሳ። ልቧ ከአጥንቷ ሊወጣ ታገለ። ሐኪሟ በጆሮዋ «አለሁ። እያየሁዎት ነው» ትላለች። እንደገና ደም። እንደገና ሳሳ። አሁን የመብራቱ ዳር ዳር መጨለም ጀመረ፤ ከንፈሯ ወፍራም የሌላ ሰው ከንፈር መሰላት። ደረቷ ላይ ሰው መጥቶ ተቀመጠ።

እንደዚያ ነበር ያለው። ልክ እንደዚያ።

ጋሼ አልፈራም ነበር። አላጋነነም። የሆነውን ነው ቃል በቃል የነገራት። ይህን ስታውቅ የመጣባት ድንጋጤ ከአየሩ ማነስ የባሰ ነበር። እጇ ከወንበሩ ላይ ሁለት ጣት ያህል ተነሣ። ሐኪሟ አየችው። «ላቁም?» ብላ ጠየቀች።

ብረቷ እጇን መልሳ አስቀመጠችው። የቀዮን መዳፍ በእግሯ ገፋች፤ ቀዮም አጥብቃ ያዘቻት። ትንሽ። ትንሽ ብቻ። መጨረሻ ላይ አንድ ያልጠበቀችው ነገር መጣ፤ ፍርሃቱ ራሱ ደከመውና ዝም አለ። መብራቱ ሩቅ ሆነ። ምንም የማያስጨንቅ ሆነ። እሱ ነበር ከሁሉ የሚያስፈራው፤ ይህን ግን ያወቀችው ኋላ ነው።

«በቃ! ኦክስጅን!» አለች ሐኪሟ።

በሦስት ትንፋሽ ዓለም ተመለሰች። አራት፣ አምስት ስትል ጣሪያው ወደ ቦታው መጣ። ከዚያ ማቅለሽለሽና ላብ መጣባት፤ የደም ግፊቷ ወርዶ እግሯን ከፍ አድርገው ብዙ ቆዩ። ቀዮ ግርጌ ላይ ሆና ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች።

ብረቷ መናገር ስትችል «አሁን ንገሩኝ» አለች።

ነርሷ ወረቀቱን ይዛ መጣች። ያቺ ሰማያዊ መስመር ያላት መሳሪያ ዘጠና አንድ ባለችበት ሰዓት የደሟ እውነተኛ ልክ ሰማንያ ሦስት ነበር። ብረቷ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን እያየች ቆየች። ነርሷ «ያኔ ወደ ውስጥ አስገባው ነበር እኮ» ትላለች፣ «ባውቅ ኖሮ አስገባው ነበር።» ብረቷ እጇን ያዘቻት።

ጥናቱ እስኪያልቅ ስምንት ወር ፈጀ። ብረቷ መናኸሪያው ውስጥ ለሚሠሩ ሹፌሮች ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የደሙንም፣ የጩኸቷንም አልደበቀችም። አብዛኞቹ «እብድ ነሽ እንዴ?» አሏት። አራቱ ሄዱ። አንዱ ገና ቱቦውን ሲያይ ተመለሰ፤ ሦስቱ ጨረሱ። ከልብስ ስፌት ፋብሪካው፣ ከግንባታ ቦታው፣ ከመምህራኑም ሌሎች መጡ፤ ጥቁርም፣ ጠይምም፣ ቀይም።

አንድ እሑድ ከሆስፒታሉ ለተሳታፊዎች ሁሉ የተላከ ደብዳቤ ደረሰ። ቀዮ ሳሎን ውስጥ ጮክ ብላ አነበበችው። ከአምስቱ መሳሪያዎች ሁለቱ በጥቁር ቆዳ ላይ አደገኛ በሆነ መጠን እንደሚሳሳቱ ተረጋግጧል፤ ሆስፒታሉ ሁለቱንም ከሥራ አውጥቷል፤ ለጤና ጣቢያዎችም፣ ቁጥሩ ጥሩ ቢሆን እንኳ በሽተኛው አየር አጠረኝ ካለ እንዲያምኑት መመሪያ ሄዷል። አምራቾቹ ለጊዜው «እናጣራለን» ብለዋል። በሌሎች ከተሞች ያሉት መሳሪያዎች ገና እዚያው ናቸው።

ቀዮ ደብዳቤውን አጠፈችው። እናትየው ሶፋው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያያሉ። በስምንት ወር ውስጥ ስለዚያ ክፍል አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቀው አያውቁም።

«ብረቷ» አሉ።

«አቤት፣ እማዬ።»

«አየሩን ሲቀንሱብሽ... ምን ይመስላል?»

ብረቷ ልትዋሽ አሰበች። ተወችው። «ያስፈራል፣ እማዬ። በጣም ያስፈራል። የሰው ክብደት ደረት ላይ ይቀመጣል። አየሩ አለ፣ አይበቃም።»

እናትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እሱም እንዲያ ሆኖ ነው?»

«አዎ።»

ቀዮ «እታለም!» ብላ ልታቆማት ነበር፤ እናትየው በእጃቸው ዝም አሰኟት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መጨረሻ ላይ ፍርሃቱ ይሄዳል። ሁሉም ነገር ሩቅ ይሆናል። ምንም አያምም።»

«እውነትሽን ነው? ልታጽናኚኝ ነው?»

«እውነቴን ነው። እዚያ ደርሼ ነው የተመለስኩት።»

እናትየው ብረቷን ወደ ጎናቸው ስበው አስቀመጧት፤ ጆሯቸውንም ልጃቸው ደረት ላይ ለጥፈው፣ ትንፋሿ ሲገባና ሲወጣ እያዳመጡ ቆዩ።